የትኛውን ቅዳሴ ትወዳላችሁ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፥ የደብረ ዘይት ዕለት፥ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሻችን የተነሣውን ክርክር በቦታው የነበራችሁ ሁሉ የምትረሱት አይመስለኝም። ነገሩ የተጀመረው በጨዋታ ነበር። አንዲት እኅታችን ቁርጭምጭሚቷን እያሻሸች «የዛሬው አትናቴዎስ መሆኑን ባውቅ ኖሮ የአያቴን መቋሚያ ይዤ እመጣ ነበር» አለችና ሁላችንም ሳቅን። አንዱ ከወዲያ ሆኖ «ዲዮስቆሮስ እያለልን!» ሲል ተቀበላት። ሌላው ደግሞ «አጭር ነው ረጅም ነው አትበሉ፤ በአማርኛ ይሁንልኝ እንጂ ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ» አለ። ከኋላ የተቀመጠችው እኅታችን ብድግ ብላ «እኔ ግን ግእዝ ካልሆነ ቅዳሴ አይመስለኝም፤ ንባብ የምሰማ ነው የሚመስለኝ» ስትል ጨዋታው ቀረና ክርክር ሆነ።

መካከል ላይ አንድ ወንድማችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እገሌ የቀረው በዚሁ ምክንያት አይደለም ወይ?» ቢል አዳራሹ ጸጥ አለ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሕፃናት ክፍል ጀምሮ ከእኛ ጋር ያደገ፥ ከበሮ ይመታልን የነበረ ልጅ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ከራቀ ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼው ምክንያቱን ብጠይቀው «ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሜ የገባኝ ቃል አሜን ብቻ ነው» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እኔም ከእርሱ ብዙ የተሻልኩ አልነበርኩም፤ ልዩነታችን እኔ ሳይገባኝ መቆሜ፥ እርሱ ሳይገባው መቆም መተዉ ብቻ ነበር።

ሰብሳቢያችን በመጨረሻ «አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተሃልና መርምረህ ለጋዜጣችን ጻፍልን» ብለው ሥራውን በእኔ ላይ ጣሉት። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ሌላ ትምህርት ለመማር መሆኑን ብናገርም አልሰሙኝም። ስለዚህ ካነበብኩትም፥ ከአባቶች ጠይቄ ከሰማሁትም፥ ክረምቱን አንኮበር ሄጄ ካየሁትም ሰብስቤ ይህን አቅርቤአለሁ።

በመጀመሪያ የምንከራከርበትን ነገር ለይተን እንወቅ። በተለምዶ «ቅዳሴ» የምንለው ከመግቢያው እስከ አሰናባቹ ጸሎት ያለውን ሁሉ ነው። ነገር ግን ይህ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ክፍል በማንኛውም ቀን የማይለወጠው የጋራ ሥርዓት ነው፤ መልእክታቱ፥ ወንጌሉ፥ ጸሎተ ሃይማኖቱ በዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ፍሬ ቅዳሴ ወይም አኰቴተ ቍርባን የሚባለው ነው። አኰቴት ማለት ምስጋና ማለት ነው፤ ግሪኮች ቍርባንን የሚጠሩበትም ቃል ትርጉሙ ይኸው ምስጋና ነው። ኅብስቱና ወይኑ የሚቀደሱበት፥ የጌታ የኀሙስ ምሽት ነገር የሚተረክበት፥ መንፈስ ቅዱስ እንዲወርድ የሚለመንበት ጸሎት ይህ ነው። በቀን የሚለዋወጠውም ይኸው ክፍል ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን አሳትማ የምትገለገልባቸው አኰቴታት ዐሥራ አራት ናቸው። እነርሱም የሐዋርያት፥ የእግዚእ፥ የእግዝእትነ ማርያም፥ የዮሐንስ ወልደ ነጐድጓድ፥ የሠለስቱ ምእት፥ የአትናቴዎስ፥ የባስልዮስ፥ የጎርጎርዮስ፥ የኤጲፋንዮስ፥ የዮሐንስ አፈ ወርቅ፥ የቄርሎስ፥ የያዕቆብ ዘሥሩግ፥ የዲዮስቆሮስና የካልእ ጎርጎርዮስ ናቸው። በብራና መጻሕፍት ውስጥ ከእነዚህ ሌላም ይገኛል። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ሀብት አይደለም፤ እናት ብለን የምንጠራት የግብፅ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምትገለገልባቸው ሦስት ናቸው።

ታዲያ ካህኑ ከዐሥራ አራቱ የወደዱትን የሚያነሡ ይመስለን ከነበረ ተሳስተናል። ግጻዌ የሚባለው መጽሐፍ ለየበዓሉ ምንባቡንም ምስባኩንም ቅዳሴውንም ለይቶ ያስቀምጣል። የደብረ ዘይት ሰንበት የአትናቴዎስ፥ የገብር ኄር የባስልዮስ፥ የኒቆዲሞስ የእመቤታችን ነው። እኅታችን መቋሚያ መያዝ የፈለገችበትን ቀን ግጻዌውን ብትገልጥ ከሳምንት በፊት ታውቀው ነበር። በዘወትሩ ደግሞ አብዝተን የምንሰማው የሐዋርያትን ነው። ዲዮስቆሮስን ለናፈቀው ወንድማችንም አንድ ነገር ልንገረው፤ አጭር የሆነው ፍሬ ቅዳሴው ብቻ ነው። የጋራው ሥርዓት አያጥርምና ያን ያህል ቀድመህ ወደ ቤትህ አትገባም።

ቢሆንም ሰው ከአንዱ ይልቅ ሌላውን መውደዱ ኃጢአት አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ ቅዳሴ ማርያምን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ፤ ምክንያቱን ብትጠይቁኝ ግን ዜማው ነው እንጂ ቃሉ አልነበረም። ምስጢረ ሥላሴን በስፋት የሚያስተምር መሆኑን ያወቅሁት ትርጓሜውን ካነበብኩ በኋላ፥ ማለትም ገና ዐምና ነው። አንድ የማከብራቸው መሪጌታ ይህን ስነግራቸው ፈገግ ብለው «እንግዲያስ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የወደድከው ሽታውን ነው፤ ገና አልቀመስከውም» አሉኝ።

አሁን ወደ ቋንቋው ልመለስ፤ የክርክራችን እሳት ያለው እዚያ ነውና።

«ግእዝ ከጥንት ነው፥ አማርኛ አዲስ ነው» የሚለውን ብዙዎቻችን እንደ መልስ እንይዘዋለን። ግን የአክሱም አባቶች ጸሎቱን ከግሪክ ወደ ግእዝ ሲመልሱት ግእዝ ሕዝቡ በገበያና በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ ነበር። የተረጐሙትም ሕዝቡ እንዲሰማው ነው። ከግሪኩ ጥቂት ቃል፥ ለምሳሌ ኪርያላይሶን የምንለውን፥ ሳይተረጕሙ ለመታሰቢያ ያህል አስቀሩ። እንግዲህ መተርጐም ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። በኋላም መጽሐፈ ቅዳሴ በ1918 ዓ.ም. ግእዙና አማርኛው በአንድነት ሆኖ አዲስ አበባ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ማርቆስ ዳውድ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ አርመውታል። ዛሬ በውጭ አገር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት በእንግሊዝኛ ሲቀደስ መስማት እንግዳ አይደለም፤ በአፋን ኦሮሞም ይቀደሳል።

ግእዝን የሚወዱትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። የቅዳሴ ዜማ እንደ ሰለልኩላና እንደ ደብረ ዓባይ ባሉ ጉባኤ ቤቶች ለዘመናት የተጠና ነው፤ የተበጀውም በግእዙ ልክ ነው። ይህን ለማስተዋል ሊቅ መሆን አያሻም። ግእዝ ግሱን ከፊት ያስቀድማል፤ ካህኑ «ነአኵተከ» ብሎ ሲጀምር ገና በመጀመሪያዋ ቃል ማመስገናችንን አውቀናል። አማርኛ ግን ግሱን ወደ መጨረሻ ይገፋዋል፤ «እናመሰግንሃለን» እስኪል ድረስ ማን ለማን ስለ ምን እንደ ሆነ ተሸክመን እንቆያለን። ዜማው ደግሞ ከፍ የሚልበት ቦታ አይለወጥም። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ በግእዙ «ቅዱስ» በሚለው ላይ የነበረው ረጅም ዜማ በአማርኛው «እና» ወይም «ስለ» ላይ ወድቆ እንሰማዋለን። እኅታችን «ንባብ የምሰማ ይመስለኛል» ያለችው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ጆሮዋ ልክ ነው።

(በነገራችን ላይ፥ ብዙ ጊዜ ቃሉን የሚነጥቀን ግእዙ ሳይሆን ድምፅ ማጉያው ነው። በአማርኛ ተቀድሶ እንኳ ሳንሰማ የወጣንበት ቀን አለ። ይህን የጻፍኩት ሰበካ ጉባኤው እንዲያነብልኝ ነው።)

በክረምቱ ዕረፍት አያቴን ለመጠየቅ አንኮበር ሄድኩ። ከደብረ ብርሃን ዐርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጉሙ ግን ሌላ አገር ያስመስለዋል። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ለኪዳን ሌሊት ተነሥተው፥ በጭቃው ውስጥ ተደግፈው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንመለስ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፥ ቅዳሴው ይገባዎታል?»

«ምኑ ልጄ?»

«ቃሉ ነዋ። ግእዙ።»

«ቃሉን ቄሱ ያውቁታል። እኔ የት እንደ ደረሰ አውቃለሁ።»

እውነትም ያውቃሉ። ቃጭሉ ሲመታ፥ መጋረጃው ሲዘጋ፥ ዲያቆኑ ተነሡ ሲል፥ እግዚኦታው ሲደርስ ሰውነታቸው ቀድሞ ያውቀዋል። የእመቤታችን ሲሆን ገና ከመነሻው ዜማውን ለይተው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። እኔ መጽሐፍ ይዤ ስፈልግ እርሳቸው ሰግደው ተነሥተዋል። ይህን አይቼ የግእዝ ወዳጆች ረቱ ብዬ ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ ግን ሳልጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ። «አንድ ጊዜ አንድ መምህር መጥተው፥ በቅዳሴ የሚባለውን በአማርኛ አንድ በአንድ ነገሩን። አምላኬ፥ ይህን ነው እንዴ የምንለው? ብዬ አለቀስኩ። ያኔ ልጆቼን ሁሉ ወልጄ ጨርሼ ነበር።» ዝም አሉ፤ ጥቂት ቆይተውም «ቀድሜ ብሰማው ኖሮ ለልጆቼ እነግራቸው ነበር» አሉ።

እኔም ለማን እንደምፈርድ አጣሁ።

አንኮበር ካልኩ አይቀር፥ በዚሁ ከተማ ስለ ተገናኙ ሁለት የቍርባን ጸሎቶች ልጻፍ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በሚገዙበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1839፥ ክራፕፍና ኢዘንበርግ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚስዮናውያን ወደ ሸዋ መጡ። የላካቸው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያቋቋሙት የሚስዮን ማኅበር ነበር። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ክራፕፍ ግን እስከ 1842 ቆየ። የአማርኛና የግእዝ መጻሕፍት ያድሉ፥ ከካህናቱም ጋር ስለ እመቤታችንና ስለ ቅዱሳን አማላጅነት ይከራከሩ ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኛ ጉዳይ ይጠቅማል፤ ኢዘንበርግ የእንግሊዞችን የጸሎት መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተርጕሞ በ1842 ለንደን ላይ አሳተመው። የእኛ መጽሐፈ ቅዳሴ ከነአማርኛው ከመታተሙ ሰማንያ ዓመት በላይ ቀድሞ፥ የእንግሊዝ የቍርባን ጸሎት በአማርኛ ታትሞ ነበር ማለት ነው። የአንኮበር አብያተ ክርስቲያናት ግን በየራሳቸው ግእዝ መቀደሳቸውን ቀጠሉ። ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ የታተመውን ትቶ፥ የማይገባውን ግን የራሱ የሆነውን ያዘ። «አማርኛ ቢሆን ሁሉም ይመጣ ነበር» ለምንል ሰዎች ይህ የሚያሳስብ ነው።

ያ የእንግሊዞች መጽሐፍ ራሱ እንዴት ተወለደ ብዬ ባነብ የእኛው አዳራሽ ክርክር አገኘሁበት። እ.ኤ.አ. በ1549 ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ክራንመር ከላቲን ይልቅ ሕዝቡ በሚሰማው በእንግሊዝኛ ይጸለይ ብሎ የጸሎት መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት በአገሪቱ ምዕራብ በዴቨንና በኮርንዎል ሕዝብ በአዲሱ ሥርዓት ላይ ተነሥቶ ብዙ ደም ፈሰሰ። ከኮርንዎል ሰዎች አንዳንዶቹ የራሳቸው ቋንቋ ስለ ነበራቸው እንግሊዝኛውን ጭራሽ አንሰማም ብለው ነበር። «ሕዝቡ የሚሰማው ቋንቋ» ሲባል የትኛው ሕዝብ? ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ከዚህ ተማርኩ፤ በአገራችንም አማርኛ የእናት ቋንቋው ያልሆነ ምእመን ብዙ ነው።

መጽሐፉ ታርሞ በ1662 የጸናው ቅጂ ለሦስት መቶ ዓመት ሲነበብ ኖረና ያ «አዲስ» የነበረው ራሱ «የአባቶች ጸሎት» ሆነ። በእኛ ዘመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በዛሬ እንግሊዝኛ የተጻፉ ጸሎቶች ያሉበት አማራጭ መጽሐፍ ወጣላቸው፤ በ2000 በሌላ ተተካ፤ በዚህም ለዋናው ሥርዓት ስምንት የቍርባን ጸሎቶች ተሰጥተዋል። የቀድሞውን የሚወዱ በ1972 ማኅበር አቋቁመው እስከ ዛሬ ይሟገቱለታል። ከሚያሳዝኗቸው ነገሮች አንዱ አዲሱ ጸሎት እግዚአብሔርን የሚጠራበት «አንተ» መለወጡ ነው። የጥንቱ የእንግሊዝኛ «አንተ» ለቅርብ ሰው የሚባል ነበር፤ ከንግግር ሲጠፋ ግን ለአምላክ ብቻ የተቀመጠ የክብር ቃል መሰለ። በእኛ ዘንድ ቄሱን «እርስዎ» ስንል አምላካችንን «አንተ» እንለዋለን፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

አሁን የማስደንቀውን ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼ ተነሥቼ ቆሜአለሁ።

እንግሊዞች በ1980 ካወጧቸው «አዲስ» ጸሎቶች አንዱ፥ ከዚያም በፊት የሮም ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. በ1968 ከተቀበሏቸው አዳዲስ የቍርባን ጸሎቶች ሁለተኛው፥ የተቀዱት ሐዋርያዊ ትውፊት ከሚባል ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ይህን መጽሐፍ ሊቃውንት ለአቡሊዲስ ሰጥተውት ቆይተዋል፤ ዛሬ የደራሲው ማንነት ያከራክራል፤ ጥንታዊነቱ ግን የታወቀ ነው። የግሪኩ ዋና ጽሑፍ በአብዛኛው ጠፍቷል። በግብፅ ቋንቋና በዐረብኛ የተተረጐሙት ቅጂዎችም የቍርባኑን ጸሎት ትተውታል። ጸሎቱን በመጽሐፉ ውስጥ ጠብቀው ያቆዩት አንድ በጣልያን አገር በቬሮና ከተማ የተገኘ የላቲን ብራናና የእኛ ግእዝ ናቸው። ግእዙ በሲኖዶስ መጽሐፋችን ውስጥ አለ፤ ከአባ ጎርጎርዮስ ግእዝ የተማረው ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1691 ለአውሮጳ አሳተመው። ከዚያ ሁሉ የላቀው ደግሞ ይህ ነው፤ በትግራይ በተገኘ እጅግ ጥንታዊ ብራና ውስጥ ከአክሱም ዘመን የወረደ ሌላ የግእዝ ትርጕም ተገኝቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ይህ ጸሎት ለእኛ የቤተ መጻሕፍት ነገር አይደለም። የቅዳሴ ሐዋርያት መሠረቱ እርሱ ነው። አባቶች መላእክት የሚያመሰግኑበትን ክፍልና ልዩ ልዩ ምልጃ ጨመሩበት እንጂ አጥንቱ ያው ነው። የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ ተስፋ ጽዮንም በ16ኛው መቶ ዓመት ሮም ላይ የግእዝ አዲስ ኪዳን ሲያሳትም የቅዳሴውን ጸሎት አብሮ አሳትሞት ነበር። እንግዲህ አስቡት። በ1839 ሁለቱ ሚስዮናውያን የ1662ን ጸሎት ይዘው አንኮበር ሲደርሱ፥ እዚያ ቤተ መቅደስ ውስጥ ይጸለይ የነበረው ከእነርሱ መጽሐፍ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሚበልጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ የለንደን ወጣት «የድሮው ሰለቸኝ፥ አዲሱ ይሻለኛል» ብሎ የሚሰማው፥ አያቴ በአንኮበር ጭቃ ሄደው የሚሰሙት ነው።

ከዚህ በኋላ «የጥንቱ ነው ወይስ የዘመኑ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ፈረሰብኝ። በሸዋ ምድር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን በቆረቆሩበት ዘመን ተአምረ ማርያም በየበዓሉ እንዲነበብ ሲያዝዙ ነገሩ ለሰሚው አዲስ ነበር። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሰዓታትም አንድ ቀን አዲስ ነበር። ዛሬ ሁለቱንም የማይነኩ የጥንት ሥርዓት አድርገን እናያቸዋለን።

በበኩሌ የምደግፈውን ሳልደብቅ ልጻፈው። በብዙ አጥቢያ እንደሚደረገው፥ ሕዝቡ የሚመልሳቸው የጋራ ጸሎቶች በግእዝ ቢጸኑ፥ ፍሬ ቅዳሴው ግን ቢያንስ በሰንበት በአማርኛ ቢሰማ እወዳለሁ። ግእዙ ከአያቶቻችን ጋር አንድ ድምፅ ያደርገናል፤ አማርኛው ደግሞ ለምን እንደ ቆምን ይነግረናል። ውሳኔው የአባቶች ነው፤ እኔ የምጽፈው ፍላጎቴን ነው። «ሁሉም በአማርኛ» ባዮች ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ለደጋሹ «ወጡ ይህን ያህል ቅመም ይጎድለዋል» እያልን፥ ሳንበላ የምንወጣ እንግዶች አልሆንም ወይ? ቅዳሴው የሚቀደሰው እንድንቆርብ ነው። ዲያቆኑ ጠርቶን፥ ካህኑ ሥጋውን፥ ዲያቆኑ ደሙን ይዘው ሲወጡ የሚቀርቡት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። እኛ በመካከል ያለነው፥ ስለ ቅዳሴው ቋንቋ አንድ ሰዓት የተከራከርነው፥ ወደ ግድግዳው ሸሸት ብለን እናሳልፋቸዋለን። እኔ ከሕፃንነቴ ወዲህ አልቆረብኩም ነበር። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን አመነታሁ።

ወደዚያ ወንድማችን ልመለስና ላብቃ። ከአንኮበር እንደ ተመለስኩ ግእዙና አማርኛው ጐን ለጐን የታተመበትን መጽሐፈ ቅዳሴ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ስብከት አልሰበክሁትም፤ ቢሞከርም አይሰማኝም። «ስትቆም የነበረው ይህን ሲሉ ነው፤ አንብበውና ከንቱ ከሆነ ንገረኝ» ብዬ ቅዳሴ ሐዋርያትን ገለጥኩለት። አንድ ገጽ አንብቦ ቀና አለና «አማርኛውም እኮ ግእዝ ነው!» አለኝ። ሳቅሁ፤ እውነቱን ነው፤ ትርጉሙ የአባቶች አማርኛ ነውና ብዙ ቃል አልገባውም፥ ለእኔም እንዲሁ። አንዱን ቃል ስናወጣ ሌላው ሲይዘን ያን ማታ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ሄድን። ያልገባንን እየጻፍን በሳምንቱ ለመሪጌታ አቀረብን። እርሳቸውም በትርጓሜው ሲፈቱልን አመሹ። አንዱን ጥያቄውን ግን «ይህን እኔም ጠይቄ አላረካኝም» ብለው መለሱለት፤ ከሁሉ የወደደላቸው ይህን መልስ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየኀሙሱ እንገናኛለን። እስካሁን የጌታ ኅብስቱን ያነሣበት ክፍል ላይ አልደረስንም። ባለፈው ሰንበት ቅዳሴ ሊያልቅ ሲል ዘወር ብዬ ባይ ከበሩ አጠገብ፥ ከምሰሶው ኋላ፥ ጫማውን አውልቆ ቆሟል። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። አልቀረብኩትም፤ እርሱም እንዳየሁት አላወቀም።